የተባለው ሁሉ ይተረጎማል

ሥራዬ ሆስፒታል ስትገባ አልጋ ላይ ያለችው የኮሪያ አሮጊት በር በሩን እያየች አስተርጓሚዋን ትጠብቃለች። ሥራዬ በኮሪያኛ «አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ» ትላታለች። አሮጊቷ አሁንም በሩን ታያለች።

አይፈረድባትም። ሐበሻ ኮሪያኛ ይችላል ቢባል ማን ያምናል? ሥራዬ በወጣትነቷ ለትምህርት ኮሪያ ሄዳ ዓመታት ተቀምጣለች። ሲያትል ስትመጣ ዲግሪዋን የጠየቃት የለም፤ ኮሪያኛዋን ግን ፈለጉት። ይኸው እንጀራዋ እሱ ነው። አሠራሯ ደግሞ ጉድ ነው። ሐኪሙ «ሆድሽን ልይ» ካለ እሷም «ሆድሽን ልይ» ነው የምትለው፤ «ሐኪሙ እንዲህ አሉ» የሚባል ነገር የለም። አሮጊቷ ሐኪሙን ብትሰድብ ስድቡ ሳይሸራረፍ ይደርሰዋል።

እኔ መሲ እባላለሁ፤ ጓደኛዋ ነኝ፤ የቤተ ክርስቲያናችን የአዳራሽ ኃላፊም ነኝ። ኃላፊ ማለት ወንበር የሚያነሳ ማለት ነው።

የምናመልከው ሲያትል አጠገብ ቡሪየን ከተማ ባለ የኮሪያውያን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። እሁድ ጠዋት እነሱ፣ ከሰዓት በኋላ እኛ። የተፈቀደልን እስከ አሥር ሰዓት ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እኛ ገና «የመጨረሻ መዝሙር» እንላለን። የመጨረሻው መዝሙር ራሱ አራት ነው።

ዘንድሮ ኮሪያውያኑ መረራቸውና ለስብሰባ ጠሩን። ሊያስወጡን ነው ተባለ። ጊዜው ደግሞ! የሥራዬ ልጅ የሶልያና ሰርግ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ እዚያው አዳራሽ ነው። ያለቻት አንዲት ልጅ ናት፤ አባቷን ከቀበርን ወዲህ ሁለቱ ብቻ ናቸው። የሙሽራው ዘመዶች ትኬት ቆርጠዋል። በበጋ ሲያትል ውስጥ በሁለት ሳምንት አዳራሽ ፈልጊ ብትሉኝ እስቃለሁ።

ሥራዬ መጀመሪያ እምቢ አለች። የራሷ ጉዳይ ያለበት ቦታ አታስተረጉምም። ሌላ ኮሪያኛ የሚችል ከየት እናምጣ? መጋቢ ያፌት ለመኗት። እሺ ስትል ግን ቃል አስገባችን፤ የሰርጉን ነገር ማንም አያነሳም። እሷ የምትገባው ልታስተረጉም እንጂ ስለ ራሷ ልትለምን አይደለም።

«ትንሽ ብታለሳልሺላቸው ምን አለበት?» አልኳት መኪና ውስጥ።

«አንድ ቀን ካለሳለስኩ ሁለተኛ ማን ያምነኛል?»

«የልጅሽ ሰርግ ካንስል ሲሆን እምነትሽን ትድሪዋለሻ!»

የመኪናውን በር ከፍታ ወረደች።

እነሱ ሦስት፣ እኛ ሦስት ሆነን ተቀመጥን፤ መጋቢ ያፌት፣ ሽማግሌያችን ጋሽ ሙላውና እኔ። በእነሱ በኩል ዋናው ሽማግሌ ቾይ የሚባሉ አዛውንት ናቸው። ሥራዬ መሀል ቆማ በሁለቱም ቋንቋ አስታወቀች፦ «እዚህ ክፍል ውስጥ የተባለው ሁሉ ይተረጎማል። እንዲተረጎም የማትፈልጉትን አትናገሩ።» ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ማንም አላመናትም።

ከዚያ ምስጋና ተጀመረ። ጋሽ ሙላው ስለ ደግነታቸው አመሰገኑ። ሽማግሌ ቾይ ስለ መዝሙራችን አመሰገኑ። ሥራዬ ነግራኛለች፤ ኮሪያኛም እንደ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፤ አንቱታውም ከእኛ ይብሳል፤ ደረጃ በደረጃ ነው። ሰውየው ይስማማ፣ ያስወጣሽ፣ ንግግሩ እስኪያልቅ አታውቂም። እኔ ተቁነጠነጥኩ።

መጋቢ «ከእንግዲህ በሰዓቱ እንወጣለን» ሲሉ ሽማግሌ ቾይ ወደ ጎናቸው ዘንበል ብለው አንሾካሾኩ። ሥራዬ ድምጿን ሳትቀይር በአማርኛ፣ «ሁልጊዜ እሺ ይላሉ፤ ከዚያ የፈለጉትን ያደርጋሉ። ቢወጡልን ይሻላል» አለች።

ጋሽ ሙላው አቀርቅረው ወደ ጆሮዬ ተጠጉ። «ምን ታደርጊዋለሽ፣ እውነታቸውን እኮ ነው። እኔስ ብሆን በሰዓቱ ብንወጣ ጉልበቴ ባረፈ።»

ሥራዬ ወደ ኮሪያውያኑ ዞረች።

«ኧረ በጌታ እንዳትይው!» አልኩ።

እሱንም ተረጎመችው።

የሽማግሌ ቾይ ፊት ቀላ። ከዚያ በሳቅ ፈረሱ። የራሳቸውን ጉልበት እየመቱ ተናገሩ። «የእኔም ጉልበት ያው ነው! እናንተ እስክትወጡ ቁጭ ብዬ ጠብቄ በር የምዘጋው እኔ ነኝ። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ጸሎት አለብን» አለች ሥራዬ፣ እሷ ሳትስቅ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ቶሎ አለቀ። እሁድ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተፈቀደልን፤ ሰዓቱ ሲደርስ ማይኩን ጋሽ ሙላው ራሳቸው ያጠፋሉ። እልል ልል ስል ሽማግሌ ቾይ ጨመሩ፤ ሥራዬም ተረጎመች። «ቅዳሜ ግን ከዛሬ ጀምሮ ምንም ዝግጅት አይኖርም። ሰርግም ቢሆን።» ድምጿ ያው ነው። «ሌላ የሚነሳ ነገር አለ?»

መጋቢ ጫማቸውን አዩ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እኔ ግን ልፈነዳ ደረስኩ።

«አለ እንጂ! የዚህች የቆመችው ሴትዮ ልጅ የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ታገባለች። አባቷ የለም። ከከለከላችሁን የት ወስደን እንዳራት?»

ሥራዬ አየችኝ። እንዲህ ተቆጥታ አይቻት አላውቅም። ግን የተባለው ሁሉ ይተረጎማል። ጀመረች። ኮሪያኛ ባልችልም የቱ ላይ እንደደረሰች አወቅሁ፤ አባቷ ላይ ስትደርስ ድምጿ ከዳት። ግሱ ገና አልመጣም፤ ሰዎቹ አፍ አፏን እያዩ ይጠብቃሉ። ውኃ ተጎነጨች። ጨረሰችው።

ሽማግሌ ቾይ ተነሡ። ወደ እኛ ሳይሆን ወደ እሷ ዞረው በቀስታ ተናገሩ።

ሥራዬ አልተረጎመችም።

«ምን አሉ?» አልኩ። «ሥራዬ! የተባለው ሁሉ!»

በመዳፏ ዓይኗን ሸፈነች። «‹እርስዎ የሙሽራዋ እናት ነዎት፤ ይቀመጡ። የቅዳሜውን ወንበር እኛ እንደረድራለን› አሉ።»

ወንበር ሳብኩላት። ተቀመጠች።