አክስቴ ለጌታ አድራሻ ስትሰጥ

አክስቴ ስትጸልይ ዝርዝር ትወዳለች። ሌላው ሰው «ጌታ ሆይ፣ የታመሙትን ጎብኝ» ብሎ ያልፋል፤ እሷ ግን «ከፋርማሲው ጀርባ፣ ሰማያዊው በር፣ ደረጃውን ወጥተህ በስተቀኝ፤ ደወሉ ስለማይሠራ አንኳኳ» ትላለች። ደወሉ ለጌታ ምን ያደርግለታል ብዬ ብጠይቃት ተቆጣችኝ። «ብነግረው አንቺን ምን ቸገረሽ?» አለችኝ።

ቤተ ክርስቲያናችን የተጀመረችው በእሷ የልብስ ስፌት ሱቅ ውስጥ ነው። ያኔ አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩ። እሑድ እሑድ ሁለቱ የስፌት መኪናዎች ወደ ግድግዳ ይገፉና ሰው በጨርቅ ጥቅል ላይ ይቀመጣል። አክስቴ ጸልያ «አሜን» ስትል ሁሉም አድራሻውን ይዞ ይወጣል፤ አንዱ መድኃኒት፣ አንዱ ብርድ ልብስ ተሸክሞ። ማስታወቂያ የሚባል ነገር አያስፈልግም ነበር። በኋላ ሰዉ በዛ፣ አዳራሽ ተሠራ፣ ማይክሮፎን ተገዛ። ጉዱም የመጣው ከማይክሮፎኑ ጋር ነው።

አንድ ዓይን አፋር የሒሳብ መምህር ሱሪ ሊያሳጥር ሱቃችን መጥቶ፣ ከመዘምራን አንዷን ወድዶ መናገር እንዳቃተው ለአክስቴ ሹክ አላት። «በጸሎት ይያዝልኝ» አለ፣ ምስኪን። ያዘችለት። እሑድ አራት መቶ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ባለበት፣ «ጌታ ሆይ፣ የዚህን መምህር ወንድማችንን አንደበት ፍታለት። ልጅቷ እዚሁ ናት፤ ከግራ ሦስተኛዋ» ብላ አረፈችው።

አራት መቶ ሰው አንድ አንድ ዓይኑን ገልጦ ቆጠረ። ታዲያ አክስቴ መድረክ ላይ ከመዘምራኑ ፊት ለፊቷን ወደ እኛ አዙራ ቆማ ነበርና የቆጠረችው ከራሷ ግራ ነው፤ እኛ ደግሞ ከእኛ ግራ ቆጠርን። በእኛ በኩል ሦስተኛዋ የኦርጋን ተጫዋቹ እጮኛ ሆና ተገኘች። ኦርጋኑ ቀጥ አለ። መምህሩ በጎን በር ሹልክ ብሎ ወጣ፤ ኦርጋን ተጫዋቹም ሁለት ሳምንት ሙሉ አኩርፎን ቀረ። ያለ ኦርጋን ስንዘምር ዜማው ወደ ፈለገበት ሄደ።

የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ፣ ከአሥራ አንዱ አንዱ የነበሩት ጡረተኛ ዳኛ፣ አክስቴን አስጠሯት።

«እህቴ፣ ከእንግዲህ በጥቅሉ ጸልዪ። አለዚያ ማይክሮፎኑን ለሌላ ሰው እንሰጣለን» አሏት።

አክስቴ ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ሠላሳ ዓመት የቆመችበት ያ ቦታ ነው ያላት። ዋጥ አድርጋ «እሺ፣ ጋሼ» አለች። በሚቀጥለው እሑድ «ጌታ ሆይ፣ ሁሉንም እንደየጉዳዩ። አሜን» አለችና ወረደች። ሰው ገና ጉሮሮውን እየጠረገ ነበር። ስምንት ሳምንት እንዲህ ጸለየች። የማንም ገመና አልወጣም፤ ማንም የማንንም በር አላንኳኳም። ሱቅ ውስጥ ደግሞ መርፌ እየሰበረች እኔ ላይ ትጮኻለች። በሰብሳቢው በጣም ነበር የተናደድኩት፤ እውነቱን ለመናገር ዛሬም በቅጡ አልበረደልኝም።

በዘጠነኛው ሳምንት ሰብሳቢው ኮት ይዘው ሱቃችን መጡ። አክስቴ አገላብጣ አየችው፤ አዝራሩም ስፌቱም ደህና ነው።

«ምኑ ነው የሚሠራው፣ ጋሼ?»

«ምንም።» ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ልጄን በጸሎት ያዢልኝ። ተጣልተን ከቤት ከወጣ ስድስት ዓመቱ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

የስፌት መኪናዬን አቆምኩ። አክስቴ ኮቱን አጥፋ አስቀመጠችው።

«በጥቅሉ ነው በዝርዝር?» አለች። ይህችን ሳትል ብትቀር አክስቴ መሆኗን እጠራጠር ነበር።

«በዝርዝር። በማይክሮፎን።»

ከጆሮዋ ላይ እርሳሷን አውርዳ የልኬት ደብተሯን ገለጠች። «እሺ፣ አድራሻውን ይንገሩኝ።»

ሰብሳቢው እጃቸውን አዩ። «አላውቀውም» አሉ።

እርሳሱ ወረቀቱ ላይ ቆሞ ቀረ። አክስቴ ኮቱን መልሳ ገለጠችና ምንም ያልሆነውን አዝራር ማጥበቅ ጀመረች።

እሑድ ማይክሮፎኑን ያዘች። ሰብሳቢው የፊት ወንበር ላይ ነበሩ።

«ጌታ ሆይ» አለች፣ «የሰብሳቢያችን ልጅ ረጅም ነው፣ ሲስቅ ዓይኑ ይጠፋል፣ ሲቆጣ ቁርጥ አባቱን ነው። አባቱ ይቅርታ ሊጠይቁት ይፈልጋሉ። ቤቱን ግን የሚያውቅ የለም፤ አባቱም አያውቁት፣ እኔም አላውቀው። ስለዚህ የምልክልህ ሰው የለኝም። እባክህ፣ ይሄን አንተው ሂድልኝ።»