አርባ ሦስት ዋስ

በዚህ ታሪክ ውስጥ አምስት ሰዎች አለን። ታናሽ እህቴ ትርሲት፣ ያኔ የሃያ ዓመት ልጅ። እናታችን ወይዘሮ አስካለ። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ቶሎሳ፣ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ። ገንዘብ ያዡ አቶ ሸምሱ፣ የሚስማርና የቆርቆሮ ነጋዴ። አምስተኛው እኔ ነኝ፤ ስህተቱም የእኔ ነው።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ የልጄ ስልክ ነው። ባለፈው ሳምንት፣ ሀይሌ ጋርመንት ባለው ቤታችን ቁጭ ብላ ለውጭ አገር ትምህርቷ ቅጽ ስትሞላ፣ «አባዬ፣ የጤና ኢንሹራንሱን ገዛሁ» አለችኝ። የቀዳችልኝ ሻይ ገና አልቀዘቀዘም ነበር። «ዋስሽ ማን ሆነ?» አልኳት። ቀና ብላ፣ «የምን ዋስ?» አለች። ሳቄ አመለጠኝ። ስስቅ ብዙም አይታኝ ስለማታውቅ ደነገጠች።

ያኔ የምንኖረው ነፋስ ስልክ ነበር። እኔ ጋራዥ የምሠራ የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ነበርኩ። ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ እንግሊዝኛዬን ሽፋኑ ከተገነጠለ መዝገበ ቃላት ነው ያገኘሁት፤ ኩራቴም ለጉድ ነበር። ራሱን ያስተማረ ሰው አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት፤ ሲሳሳት በቀይ እስክሪብቶ የሚያሰምርበት የለውም።

በነሐሴ ትርሲት ጀርመን አገር የውሃ ምህንድስና እንድትማር ነጻ የትምህርት ዕድል አገኘች። እናቴ እልልታዋን ስታቀልጠው ጎረቤቱ በዚያ ዝናብ ነጠላ ተከናንቦ ወጣ። ጾመ ፍልሰታ ስለነበር ደስታችንን ያከበርነው በበቆሎ እሸት ነው። ከሰሉ ላይ ሲንጣጣ የነበረው ድምፅ ዛሬም በጆሮዬ አለ።

ደብዳቤው ግን አንድ ነገር ይጠይቃል። ትምህርቱም ማደሪያውም ተችሏል፤ የጤና ኢንሹራንስ ማስረጃ በሃያ ቀን ውስጥ ካልደረሰ ግን ቦታው ለሌላ ተማሪ ይሰጣል። እኔ የማውቀው ኢንሹራንስ የመኪና ነው። ሰው እንደ ታክሲ ይጋጫል እንዴ? መዝገበ ቃላቴን ገለጥኩ፤ «ዋስትና» ይላል። በቃ፣ ገባኝ! ፈረንጆቹ የፈለጉት ዋስ ነው። እኛስ ሰው ሥራ ሲቀጠር ዋስ አምጣ አንለውም?

«አንድ ዋስ ይበቃል?» አለች ትርሲት።

«ለፈረንጅ አንድ አይበቃም። እድሩን በሙሉ ነው የማስፈርመው።»

ሁለት ቀን ሙሉ ጭቃ ሲውጠኝ ሲተፋኝ ዋልኩ። ቤት ቀይረው መካኒሳ አቦ የገቡትን አባላት እንኳ አልተውኩም። አርባ ሦስት ሰው ፈረመ። ጋሽ ቶሎሳ ማኅተሙን ከመምታታቸው በፊት መነጽራቸውን አደረጉ።

«ብትታመም እናስታምማለን ብለሃል?»

«ብያለሁ፣ ጋሼ።»

«ብትሞትስ?»

«እንቀብራለን ብያለሁ።»

«ጎሽ! ምንም አላስቀረህ።»

የፈረሙበትን ሦስት ገጽ በፋክስ ላክሁት፤ መቶ ሃያ ብር። ወደ ቤት የተመለስኩት እየሮጥኩ ነው፤ ለምን እንደሮጥኩ አላውቅም።

በስድስተኛው ቀን መልስ መጣ። ቤታችን በሰው ሞልቶ፣ እኔ መሐል ቆሜ እየተረጎምኩ አነበብኩት። የጻፈችው የውጭ አገር ተማሪዎች ጉዳይ ሠራተኛ ነበረች። «አርባ ሦስት ሰዎች እህትዎን ለማስታመም መዘጋጀታቸው ልቤን ነክቶታል። እኛ የምንፈልገው ግን ሰው ሳይሆን ውል ነው» ትላለች። ተማሪዋ አስቀድማ ትከፍላለች፤ ስትታመም የኢንሹራንስ ድርጅቱ ለሆስፒታሉ ይከፍላል። የስድስት ወሩ በእኛ ገንዘብ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ብር። የቀረን አሥር ቀን።

ፊቴ ጋለ። አቶ ሸምሱ ከተቀመጠበት ጮኸ፤ «ሊቁ፣ ያንን መጽሐፍህን ለበቆሎው ማቀጣጠያ አድርገው!»

እሑድ እድሩ በቀበሌው አዳራሽ ተሰበሰበ። ቆሜ ስህተቱ የእኔ መሆኑን ተናገርኩ፤ እህቴ በእኔ ድንቁርና እንዳትቀጣ ለመንኩ።

«ሳትታመም ይከፈላል?» አለች እናቴ። «ያልመጣ በሽታ በገንዘብ መጥራት አይሆንም?»

«አስካለ፣ እኛ በየወሩ የምንከፍለው ለሞት አይደለም እንዴ?» አሉ ጋሽ ቶሎሳ። «ጠርተነው ነው የሚመጣው?»

አቶ ሸምሱ መዝገቡን ገለጠ። «ደንቡ ለሞት ብቻ ነው። ለትምህርት የሚል አንቀጽ የለም።» ትርሲት አንገቷን ደፋች። እሱ ግን መዝገቡን አልዘጋውም። «ልጅ ለሞተበት ቤተሰብ ዘጠኝ መቶ ብር እንሰጣለን። እትዬ አስካለ፣ የትርሲትን ዛሬ ብንሰጥዎት፣ ክፉ ቀን ቢመጣ አልጠይቅም ብለው ይፈርማሉ?»

ሰው አማተበ። የልጅሽን የመርዶ ገንዘብ በቁሟ ተቀበይ ማለት እኮ ነው! እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ስትነሳ ጥላን ልትወጣ መሰለኝ። ወደ ጠረጴዛው ሄደች።

«ቀለሙን አምጣ» አለችው። «ልጄ አትሞትም! ለማትሞት ልጅ የመሞቻ ገንዘብ ምን ይሠራላታል?»

አውራ ጣቷን ስታሳርፍ አዳራሹ በሳቅና በእልልታ ተናጋ። አቶ ሸምሱ ቆቡን አውልቆ በየወንበሩ ዞረ፤ አምስት መቶ ብር ሞላ። የቀረውን አራት መቶ የመፍቻ ሳጥኔን ሸጬ ደፈንኩት። ኩራት ዋጋ አለው፤ የተኮራ ሰው ይክፈለው። ውሉ ተገዝቶ በሁለተኛ ፋክስ ማስረጃው ሲደርስ ሦስት ቀን ይቀረን ነበር።

በሄደች በአራተኛው ወር ትርሲት ትርፍ አንጀቷ ተነሥቶ ቀዶ ጥገና ተደረገላት። «ሆስፒታሉ የጠየቀኝ አንዲት ካርድ ብቻ ነው» ብላ ጻፈችልን። «ካርዷን ስሰጣቸው የእማዬ ጣት ታየኝ።» ትምህርቷን ጨርሳ ተመልሳ፣ ዛሬ እዚሁ ከተማ የውሃ መስመር ትዘረጋለች። እናቴም እንዳለችው ልጇን አልቀበረችም፤ ልጇ ናት የቀበረቻት።

ልጄ ታሪኩን እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር። እሷ ያለማንም ፊርማ በጣቷ ነክታ ገዛች፤ ይህ መልካም ነው፤ ማንም በጭቃ አልተንከራተተም። ውል ለሆስፒታል ይከፍላል። ያንን ውል መጀመሪያ የሚገዛልህ ግን ሰው ነው፤ ይህን እንዳትረሳ ነገርኳት።

«ቆይ አባዬ፣ በድምሩ ስንት ፈጀባችሁ?» አለች።

ደመርኩላት። ለውሉ አንድ ሺህ ስምንት መቶ፤ ለእኔ ስህተት መቶ ሃያ፤ ለሁለተኛው ፋክስ አርባ። ከሁላችን የወጣው አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ብርና አንዲት የእናት አሻራ።