የፍራፍሬ እርሻ ነው ያልኩት ቦታ

አባቴ የእህቴን ወዳጅ እናት ለማየት የተስማማው ለአንድ ቀን ብቻ ነበር። "አንድ ጊዜ አያቸዋለሁ፤ ከዚያ ቃሌን እሰጣለሁ" አለ። እህቴ ይህን ቃል ሁለት ዓመት ጠብቃለች። የምትወደው ሰው መምህር ነው፤ ኦርቶዶክስ ነው፤ እናቱ ጎንደር ነው የሚኖሩት። አባቴ ደግሞ የእኛ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አይሆንም ብሏታል። አሁንም አይሆንም ካለ ለሦስተኛ ጊዜ እንደማትጠይቀው እህቴ ነግራኛለች። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ስገባም ሻንጣዬን ይዛ እስከ ዶርም በር ያደረሰችኝ እሷው ናት። ስለዚህ የሚገናኙበትን ቦታ እንድፈልግ ስትጠይቀኝ እንደ ፈተና ነበር የያዝኩት።

ቤታችን አይሆንም ነበር። የምንኖረው ባህል አዳራሽ አካባቢ ነው፤ የወንዱ እናት ቤታችን ገብተው ማዕድ ከቀመሱ ጎረቤቱ ሁሉ ነገሩ አልቋል ብሎ ያወራል። አባቴ ይህን አልፈለገም። ሐይቁ ዳር ያሉት ሆቴሎችም አይሆኑም፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው አይጠፋባቸውም። ያኔ ትዝ ያለኝ በመጀመሪያው ሴሚስተር ከክፍል ጓደኞቼ ጋር የጎበኘሁት፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ያለ የወይን እርሻ ነው። ምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ የከተማችን ሰዓሊዎች ሥራዎች ተሰቅለዋል። ከበረንዳው ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር ይታያል። ከጀርባው ደግሞ የወይን ጠጅ የሚጠመቅበት ቤት አለ።

ለአባቴ "የፍራፍሬ እርሻ ነው፤ ምግብ ቤት አለው" አልኩት። መጠጥ ባለበት ስለማይቀመጥ ስለ ወይን ጠጁ ሳላነሳ ቀረሁ። እህቴ "የወይን ጠጅ እንደሚጠምቁበት ነግረሽዋል አይደል?" ስትለኝ "አዎ፣ ምንም አላለም" ብዬ መለስኩላት። ደስ እንዲላት ነበር።

ስልክ ደውዬ ምሳውን ያዘዝኩትም እኔ ነኝ። ጊዜው ሁዳዴ ስለነበር ዓሣ ይሁን አልኩ። ግቢያችን ውስጥ ያሉት ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን በጾም ከአሞራ ገደል ገበያ ዓሣ ሲያመጡ እያየሁ ስላደግኩ፣ ሁሉም ዘንድ እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ስልኩን ያነሳው ሰው ከምሳው ጋር ለእያንዳንዱ እንግዳ አንድ ብርጭቆ የወይን ጠጅ እንደሚቀርብ ነገረኝ። እባክህ እንዳይመጣ ብዬ ለመንኩት። እሺ፣ እጽፈዋለሁ አለኝ።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ አምስት ሆነን ሄድን፦ አባቴ፣ እህቴ፣ እኔ፣ መምህሩና እናቱ። መጀመሪያ ሁሉም ነገር ከጠበቅኩት በላይ ሆነ። አባቴ በወይኑ ተክል መሀል በቀስታ እየተራመደ ቅጠሉን ገልበጥ አድርጎ አየ፤ ወይኑን የከረከመው ሰው ሥራውን ያውቃል አለ። የመምህሩ እናትም አጠገቡ እየሄዱ አባታቸው ጌሾ ይተክሉ እንደነበር አጫወቱት። አዳራሹ ውስጥ አንድ ሥዕል ፊት ሁለቱም ቆሙ። ጀልባ፣ መረብ፣ የዓሣ አንጀት የሚጠብቁ አባ ኮዳ የሚባሉት ትላልቅ ወፎች። አባቴ "ይሄኛው የእኛን ቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ያዥ ይመስላል" አለና ራሰ በራውን ወፍ አሳያቸው። እናቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። እህቴ ከኋላ እጄን ጨመቅ አደረገችው። እንዲህ ስትደሰት ካየኋት ቆይቷል።

ከዚያ አባቴ ወደ እኔ ዞሮ ይህን ሁሉ ፍሬ ምን እንደሚያደርጉት ጠየቀኝ። ጁስ ይጨምቁታል አልኩት። አፌ ላይ የመጣው እሱ ነበር። እህቴ እጄን ለቀቀችው።

በረንዳው ላይ ተቀምጠን ዓሣው ሲቀርብ የመምህሩ እናት ሳህኑን በእርጋታ ወደ ልጃቸው ገፋ አደረጉ። በጾም ዓሣ እንደማይበሉ፣ ዳቦና ሰላጣው እንደሚበቃቸው ነገሩን፤ እኔ እንዳላፍር ብለውም ዳቦውን አመሰገኑ። አባቴ ማፈሬን አይቶ እንጸልይ አለ። ዓይኖቻችንን ጨፈንን። የአባቴ ጸሎት ረጅም ነው፤ መንገደኛውን፣ ያረሰውን፣ ያበሰለውን ሁሉ እየጠራ ይባርካል። በመሀሉ የእግር ኮቴ ሰማሁ፤ ቀጥሎ ፈሳሽ ሲቀዳ ሰማሁ። ዓይኔን ገለጥኩ። የስልክ ልመናዬ ያልደረሰው አንድ አስተናጋጅ፣ ጸሎቱን ላለመረበሽ ጎንበስ ብሎ ከአንዱ ብርጭቆ ወደ ሌላው እየሄደ ይቀዳል። በእጄ ምልክት ሰጠሁት። ምስጋና መስሎት ፈገግ አለልኝ። ያኔ መጮህ ነበረብኝ፤ በጸሎት መሀል እንዴት ይጮኻል?

አባቴ "አሜን" ብሎ ዓይኑን ገለጠ። ፊቱ ቀይ የወይን ጠጅ የሞላው ብርጭቆ ቆሟል።

ቀድመው የተናገሩት የመምህሩ እናት ነበሩ። "እኔም ጾመኛ ነኝ፣ አልጠጣም። ያንሱልን" አሉና ብርጭቆውን በራሳቸው እጅ ከአባቴ ፊት አራቁት። አባቴ እግዜር ይስጥልኝ አላቸው። እኔን ግን አየኝ።

"ጁስ ነው ያልሽኝ።"

ከዚያ ዞሮ እህቴን አያት። እሷ ጠረጴዛውን ታያለች። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ምግቡንም ጥቂት ቀመሰ፤ የመምህሩን እናት እስከ መኪናው ድረስ ሸኛቸው። ለመምህሩ ግን ወደ በረንዳው ተመልሶ፣ እኔና እህቴ እየሰማን፣ እንዲህ አለው፦

"በአንተም በእናትህም ላይ ቅር አላለኝም። ልጆቼ ግን ስለ አንድ ምግብ ቤት ዋሽተውኛል። ስለ አንተ የነገሩኝን እንዴት አድርጌ ልመን? ቃሌ ያው ነው፤ አይሆንም።"

እናቱ በማግስቱ ወደ ጎንደር ተመለሱ። እህቴ ለሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን ከትምህርት ወጥቼ ቀጥታ ቤት ወደ አባቴ ሄድኩ። እሷ ምንም አታውቅም ነበር፣ አንተ እንደምታውቅ የነገርኳት እኔ ነኝ፣ ሁለታችሁንም የዋሸሁት እኔ ነኝ አልኩት። እያለቀስኩ ነበር። መነጽሩን አወለቀ፤ ደክሞት ነበር።

"ይህስ እውነት መሆኑን በምን ልወቅ? ለእሷ ብለሽ ይሆናል" አለኝ።

እንባዬን ጠርጌ ወጣሁ።

እህቴ ከጓዳው በር ሆና ትጠብቀኝ ነበር። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አየችኝ።

"ምን አለሽ?"

ያስብበታል ማለት እችል ነበር። ያን ሌሊት ትተኛ ነበር፤ ምናልባት ይቅርም ትለኝ ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ደርሷል።

"አላመነኝም" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ገብታ በሩን ዘጋችው።