መውሊድህ ይለፍ፣ ጾምህ ይለፍ

ደሴ ፒያሳ ልብስ የሚሰፋ ወዳጅ ነበረኝ። እሱ ክርስቲያን፣ እኔ እስላም። ኮምቦልቻ እየኖርኩ የጭነት መኪና ስነዳ ሱሪዬን የሚጠግንልኝ እሱ ነበር፤ በዚያው ተላመድን።

በወጣትነቴ እስከ ምጽዋ ጭኜ ሄጃለሁ። ከአስመራ ወደ ባሕሩ ሲወርዱ፣ ነፋሲት ከምትባለው ከተማ በላይ፣ አናቱ ላይ የደብረ ቢዘን ገዳም ያለበት ተራራ አለ። መኪና አይወጣውም፣ ሴት አይገባበትም። እኔ ከታች ሆኜ ነው ያየሁት፤ ብዙውን ጊዜ ደመና ይሸፍነዋል። ቁልቁለቱ ሲያልቅ ሙቀቱ ፊት ይመታል፣ ምጽዋ ደረሱ ማለት ነው። የጥንቶቹ ቤቶች የተሠሩት ከባሕር በወጣ ድንጋይ ነው፤ ቀረብ ብለው ሲያዩት እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። የነቢዩ ባልደረቦች የሠሩት ነው እያሉ የሰሐባዎች መስጊድ የሚሉትም እዚያ ነው። ሁለት ረከዓ ሰግጄበታለሁ።

ይህን ሳወራለት ወዳጄ የስፌት መኪናውን መርገጥ ያቆማል። አባቱ ደብረ ቢዘንን ሊሳለም ተስሎ ሳይሄድ ነው የሞተው። "ስለቱ እኔ ላይ ነው ያለው፤ ሳላደርሰው ብሞት አባቴን በምን ዓይኔ አየዋለሁ" ይል ነበር።

ተስማማን። እሱ ተራራውን ሲወጣ እኔ ከሥር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ልጠብቀው፤ ምጽዋ ስንወርድ ደግሞ እኔ እስክሰግድ እሱ ጫማዬን ሊጠብቅ።

"ያንተን ጫማ ማን ይሰርቀዋል?" ይለኛል።

"አንተ የጠገንከውን ሱሪ የሚሰርቅም የለም" እለዋለሁ።

መንገዱ ግን በጦርነት ተዘጋ። ዕድሜያችን በዚያው ሄደ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ አስመራ የሚያሻግረው ድንበር ተከፈተ ተባለ። ትንሽ ይርጋ ብለን አየን፤ ሰው በሰላም ተመላለሰ። ጥቅምት ሲያልቅ ደሴ ወጣሁና "ተነስ፣ እንሂድ" አልኩት።

"መውሊድ እየደረሰ አይደል እንዴ?"

"ይድረሳ። ሐርቡ ያሉት ዘመዶቼ ያለ እኔም ያከብሩታል።"

"በኔ ምክንያት ከመውሊድ የቀረ ሰው ይዤማ ገዳም አልሄድም። መውሊድህ ይለፍ።"

አለፈ። ከሐርቡ ስመለስ የነቢያት ጾም ገብቷል። አሁን እሱ ተነሳ፣ እኔ እምቢ አልኩ።

"በዚህ ጉልበትህ እህል ሳትቀምስ ተራራ ልትወጣ? ደግሞስ አንተ እየጾምክ እኔ መንገድ ላይ ሥጋ ልበላ? አይሆንም። ጾምህ ይለፍ።"

"ገዳም በጾም ነው የሚሳለሙት፣ አንተ ምን ታውቃለህ? ደረቅ!"

"ደረቅ ነኝ" አልኩት።

ጾሙም አለፈ። በገና ዕለት፣ እንደ ልማዳችን፣ የኔን ድርሻ ለብቻ በእስላም እጅ አሳርዶ ጠበቀኝ። እየበላን ሳለ ከመቀሌ የመጣ ሹፌር ጎረቤቱ ገባና ድንበሩ ተመልሶ መዘጋቱን ነገረን። ወዳጄ እጁን ከገበታው አነሳ።

"አብሽር፣ ይከፈታል" አልኩት።

አልተከፈተም። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉም ያውቃል፤ ደሴም ቀምሳዋለች። አሁን ሳስበው ያን ጊዜ ከሁለታችን አንዳችን እንኳ ባለጌ ብንሆን ኖሮ ደርሰን ተመልሰን ነበር።

በኋላ ጉልበቱ አልታዘዝ አለው። አልጋው ላይ ሆኖ በመስኮት የጦሳን ተራራ ያያል። ደመናው ተራራው ላይ ሲወርድ "እንዲህ ነው?" ይለኛል።

"እንዲህ ነው" እለዋለሁ።

ባለፈው ክረምት ሞተ። ስለቱ አሁን ማን ላይ እንደቀረ አላውቅም፤ ልጆቹን ልጠይቅ አስቤ ተውኩት። ሬሳውን ከሰው ጋር ተሸክሜ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሸኘሁት። ፍትሐቱ እስኪያልቅ ከቅጥሩ ውጭ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። የዕድሩ ሰው አየኝና "አባባ፣ ወንበር ላምጣልዎት?" አለኝ።

"ተወው፤ ድንጋይ ላይ ልጠብቀው ነው የተነጋገርነው" አልኩት።

አልገባውም። ወንበሩን አምጥቶ አጠገቤ አስቀመጠው፤ ባዶውን ዋለ።