አርባ ፈረሶችን ለመሰናበት፦ ከሰበታ በቡራዩ እስከ ሱሉልታ

ቅዳሜ፣ ንጋት 12፡10፣ ሰበታ

ፀሐይ ሳትወጣ ተነሥቼ የሰበታን ግማሽ ሕዝብ ቀሰቀስሁ። ማጋነን እንደምወድ የምታውቁ አንባቢዎቼ የፈለጋችሁትን ያህል ቀንሱ፤ ሰፈራችን ግን በእርግጥ ነቅቷል። ጥቁሯ መኪናዬ ጠዋት ጠዋት ስትነሣ እንዲህ ናት። መጀመሪያ ታጉረመርማለች፣ ቀጥሎ ሁለቴ ታስላለች፣ ከዚያ ዳዊቱን ደግሞ እንደጨረሰ ሽማግሌ ረጋ ትላለች። ሁለት በር፣ አራት ሲሊንደር፣ አንድ ቱርቦ፣ እና ከስምንት ዓመት በፊት ያስጫንሁባት ፕሮግራም።

ነገሩ አዲስ ለሆነበት ሰው፦ የዘመኑ ሞተር በራሱ ፈቃድ አይሠራም። ምን ያህል ቤንዚን እንደሚጠጣ፣ ቱርቦው ምን ያህል አየር እንደሚነፋበት፣ ካንዴላው መቼ እሳት እንደሚሰጥ የሚያዝ ትንሽ ኮምፒዩተር አለው። ይህን ትእዛዝ ቀይረው ጉልበት የሚጨምር ዝግጁ ፋይል የሚሸጡ ሰዎች አሉ። በመኪናህ ልክ የተሰፋ አይደለም፤ መርካቶ እንደተሰቀለ ኮት ነው፣ ትከሻህ ከገባ ገባ። የእኔው ኮት ባሕር ማዶ የተሰፋ ሲሆን፣ አርባ የፈረስ ጉልበት ይጨምራል ተብዬ ነው የለበስሁት። «በየቀኑ በሚነዳ መኪና ላይ ዝግጁ ፕሮግራም ይበረክታል ወይ?» እያላችሁ ስትጠይቁኝ ስምንት ዓመት ሙሉ መልሴ አንድ ነበር፤ እኔን እዩ። ሰበታ ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ ሰበታ፣ በዝናብ በአቧራ፣ መንገድ ላይ አቁማኝ አታውቅም።

የዛሬው ጉዞ ግን ለፉከራ አይደለም። ልጄ ቤዛ ሱሉልታ ጤና ጣቢያ በነርስነት ሥራ ከጀመረች አምስት ወሯ ነው። በየቀኑ አራት ሚኒባስ እየቀያየረች ሁለት ወር ሞከረች፤ አልሆነላትም፣ እዚያው ክፍል ተከራየች። ቤታችን ጸጥ አለ። እራት ላይ እኔና ባለቤቴ አልማዝ ቴሌቪዥኑ እንዲያወራልን መጠበቅ ጀመርን። መኪናዋን ብሰጣት ወደ ቤት ትመለሳለች ብዬ አሰብሁ። አልማዝም ሐሳቡን ወደደችው፣ በራሷ አወዳደድ። ጋቢ ደርባ በሩ ላይ ቆማ የመጨረሻ ቃሏን ሰጠችኝ።

«ኦቦ ገመቹ ሞተሯን መርምረው በአፋቸው ደህና ናት ካላሉ፣ ያንን የእብደት ፕሮግራምህንም ካላወጡላት፣ ቁልፉን ለልጄ እንዳትሰጥ። እንጦጦ ዳገት ላይ መኪናዋ ልጄን ብታቆማት፣ እኔ ደግሞ አንተን ነው የማቆምህ።»

1፡05፣ አለም ገና

ድንጋይ የጫኑ ገልባጮች መንገዱን እንደ አባት ርስት ይዘውታል። የሚኒባስ ረዳት ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ አየር ጤና፣ አየር ጤና ይላል። ከአንዲት እናት ሦስት የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ገዛሁ። ዋጋው ከባለፈው ጊዜ ጨምሯል፣ ድንቹ ደግሞ አንሷል፤ የሚጥሚጣው ነገር ግን ምንም አልተለወጠም፣ እስከ ቀለበት መንገድ ድረስ አስለቀሰኝ።

ወይም ሚጥሚጣው አይደለም ያስለቀሰኝ። ይህን መንገድ ከቤዛ ጋር ስንት ጊዜ ሄድንበት። ያኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ትምህርት ቤቷ አየር ጤና ነበር። ግራና ቀኙ የጤፍ ማሳ ነበር፤ አሁን ባለ አራት ፎቅ ሆኖ ሰገነቱ ላይ ብርድ ልብስ ተሰጥቷል። ጎኔ ተቀምጣ ለፈተና ስለ ልብ ቱቦዎች ታነበንብልኛለች፤ አሁን ሌላ ከተማ የሚማረው ወንድሟ ከኋላችን ይቀመጣል፤ እኔ ደግሞ አዲሶቹን አርባ ፈረሶች እፈታለሁ። አንድ ቀን እዚህ ቦታ ላይ የራሴን ጥላ ቀድሜው ሄድሁ፤ አየር ጤና ቆሜ ነው የጠበቅሁት። አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። ፀጉር ነበረኝ።

2፡40፣ ቡራዩ

በዊንጌትና በአስኮ አድርጌ ቡራዩ ገባሁ። የኦቦ ገመቹ ጋራዥ ከአምቦ መንገድ ገባ ብሎ፣ በብረታ ብረት ቤቶችና በአጠና መሸጫዎች መካከል ነው። ስድሳን ያለፉ፣ ዝምታ የሚያበዙ ሰው ናቸው። ሞተር ሲሰሙ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ሰው ሲያወራ ደግሞ አንዳንዴ ጆሯቸውንም የሚጨፍኑ ይመስለኛል። ፕሮግራሙን የጫኑልኝ እሳቸው ናቸው፤ እኔ ፋይሉን ይዤ መጥቼ፣ እሳቸው ደግሞ ሦስት ጊዜ «ተው ታደሰ» ብለውኝ።

«አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ ገመቹ» አልኋቸው፤ ከአፋን ኦሮሞ አጣርቼ የምችለው ሰላምታውን ነው። ስለ አመጣጤ ነገርኋቸው፤ መኪናዋ የቤዛ እንደምትሆን፣ አልማዝ ምን እንዳለች፣ ከአሁን ወዲያ ማታ ማታ ልጃችን እቤት እንደምታድር። ቤዛን ከሕፃንነቷ ያውቋታል። ኮፈኑን ከፈቱ። ካንዴላዎቹን አውጥተው የእያንዳንዱን ሲሊንደር ግፊት ለኩ፣ ዘይቱን በጣታቸው አሽተው አሸተቱ፣ ከሥር ገብተው ፍሬኑን አዩ፣ ላፕቶፓቸውን ሰክተው ረጅም ጊዜ አነበቡ። አንድ ሰዓት ሙሉ ሚስቱን ምጥ እንደያዛት ባል ተንቆራጠጥሁ።

በመጨረሻ ወጡና እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ሞተሯ ጤነኛ ናት፣ አራቱም ሲሊንደር እኩል ነው፣ ለልጅህ ትሆናለች አሉኝ። ስለ ፕሮግራሙ ያሉት ነገር አልነበረም። እኔ ግን ደረቴ ተነፋ። ስምንት ዓመት በዝግጁ ፕሮግራም ተነድታ እንዲህ ናት፤ ይህን ነው የምጽፈው፣ እርስዎንም ምስክር አድርጌ እጽፋለሁ አልኋቸው። እጃቸውን እንደገና ጠረጉ። ንጹሕ ነበር።

«እንግዲህ ፕሮግራሙን ያውጡልኝ፤ የሴትዮዋ ትእዛዝ ነው» አልሁ። «ከማውጣትዎ በፊት ግን አንድ ጊዜ እስከ ገፈርሳ ልንዳት። ፈረሶቹን ልሰናበታቸው።»

አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉት። «ሂድ በቃ» አሉ።

4፡15፣ ገፈርሳ

ከቡራዩ ወጥቼ መንገዱ ሲከፈትልኝ በሦስተኛ ማርሽ ረገጥሁ። ቱርቦው አፏጨ። አርባዎቹም በአንድነት ተነሡ፤ ኮቴያቸውን በመሪው ውስጥ ሰማሁት፣ ጋማቸው ከመስታወቱ በላይ ሲውለበለብ አየሁ። የባሕር ዛፉ ረድፍ እንደ አጥር ሆነ። የግድቡ ውኃ ዳር አቆምሁ። ቱርቦ ግሎ ሳለ በድንገት አይጠፋም፤ ስለዚህ ሞተሩን እያስነፈስሁ ቆየሁ፤ ይህ ጊዜ ለለቅሶም በቂ ነው። ልጅ የማደርስባቸው ጠዋቶች፣ ማንም ሳያስቸኩለኝ የምቸኩልባቸው ዓመታት፣ ሁሉም ውኃው ላይ መጥተው ቆሙብኝ። ለፈረሶቹ ደህና ሁኑ አልኋቸው፤ በድምፅ። ዓሣ የሚያጠምድ ሰውዬ ዞር ብሎ አየኝና ቦታ ቀየረ።

5፡00፣ ቡራዩ፣ ጋራዡ

«አሁን ያውጡልኝ» ብዬ ቁልፉን ሰጠኋቸው።

ኦቦ ገመቹ በርጩማ ስበው አስቀመጡኝ። እሳቸውም ተቀመጡ፤ እሳቸው ሲቀመጡ አይቼ አላውቅም።

«ታደሰ፣ ዱጋዋን፣ እውነቱን ልንገርህ። የሚወጣ ነገር የለም።»

«ማለት?»

«ፕሮግራሙ ከወጣ ሰባት ዓመት አልፎታል።»

ቀሪውን እሳቸው ቀስ ብለው እንደነገሩኝ ላስቀምጠው። ፕሮግራሙ በገባ በሰባተኛው ወር ፍሪሲዮኑ ተበልቶ፣ ዳገት ላይ ሞተሩ ጠጠር እንደሚቆረጥም እየቆረጠመ አምጥቼላቸው ነበር። አስታውሳለሁ፤ የፍሪሲዮን ጥራት ወረደ ብዬ ለእናንተም ጽፌያለሁ። ካንዴላዎቹን ሲያወጡ በሙቀት ብዛት እንደ ጠመኔ ነጥተዋል። ፍሪሲዮንና ካንዴላ ቀየሩ፤ መቆርጠሙ ከየት እንደመጣ ለማየት ደግሞ የፋብሪካውን ትእዛዝ መለሱባት። ስመጣ ሊነግሩኝ ነበር። እኔ ግን እየሮጥሁ መጣሁ፣ ቁልፉን ነጠቅሁ፣ አስኮ ሳልደርስ ደወልሁላቸው። «ኦቦ ገመቹ፣ ፈረሶቹ ዛሬ ገብስ በልተዋል» አልኋቸው። በማግስቱ አንድ ኪሎ ማር ይዤላቸው ሄድሁ።

«ማር አምጥተህልኝ እንዴት ልንገርህ?» አሉ። «በሚቀጥለው ወር እነግረዋለሁ አልሁ። በሚቀጥለው ወር መጥተህ ደግሞ እየጨመረች ነው አልኸኝ። ዓመት ሲሞላው በምን አፍ? ለአንተ ብቻ ቢሆን እስከ መቃብር ዝም እል ነበር። ለልጅ ስትሆን ግን ሳታውቅ አትስጥ።»

ከዚያ እንዲያው ለመተንፈስ ያህል፣ እና ፋይሉ መጥፎ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

መጥፎ አይደለም አሉ። የተሰናዳው ግን አየሩ ለወፈረበት ቆላ፣ ቤንዚኑ አንደኛ ለሆነበት አገር ነው። እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦው የታዘዘውን ለመሙላት ከአቅሙ በላይ ይሽከረከራል፣ ይግላል። እኔ ደግሞ ነዳጅ ሲጠፋ መንገድ ዳር በጀሪካን የተሸጠልኝን ሁሉ አጠጥቻታለሁ፤ ወረፋ ላይ የጋለውን ሞተር አጥፍቼ ገፍቻለሁ። በዚህ አየርና በዚህ ቤንዚን እየተለካ በልኳ የተሰፋላት መኪና ቆይታ አይተዋል። ዝግጁውን ለብሳ በየቀኑ ሥራ የምትገባ ግን መጀመሪያ ፍሪሲዮኗን፣ ቀጥሎ ቱርቦዋን፣ በመጨረሻ ሞተሯን ትጨርሳለች።

«ፋይልህ አሁንም እዚህ አለ» አሉ ላፕቶፑን እያመለከቱ። «ካልህ አሥር ደቂቃ ነው።»

ቆሜ አየሁት። ወንድ ልጅ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ሲል አርባ ፈረስ በአሥር ደቂቃ ቢሰጡት ቀላል ፈተና አይደለም። ከዚያ እንጦጦ ዳገትን፣ የጀሪካን ቤንዚንን፣ ጨለምለም ሲል ከሥራ የምትወጣ ሴት ልጅን አሰብሁ።

«ያጥፉት» አልሁ። እዚያው ፊቴ ላይ አጠፉት።

7፡20፣ ሱሉልታ

ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ ስወጣ መኪናዋ ያለ ፈረሶቹ ምን ልትሆን ነው ብዬ ፈራሁ፤ ሰባት ዓመት ያለ እነሱ እንደወጣች እየረሳሁት። ወጣች፤ ደህና አድርጋ። ማዶ ሱሉልታ ሜዳው አረንጓዴ፣ ንፋሱ ምላጭ ነው። ሯጮች በመንገዱ ዳር ያልፋሉ፤ ፊታቸው ላይ ላብ የለም፣ እኔ መሪ ይዤ ያልበኛል።

ቤዛ በጤና ጣቢያው በር ነጭ ጋዋኗን አጣጥፋ ወጣች። ቁልፉን ሰጠኋትና የተሳፋሪውን በር ራሴ ከፍቼ ገባሁ። ወንበሯን አስተካክላ፣ መስታወት አይታ፣ በሦስተኛ ማርሽ ወደ ጫንጮ መውጫ ደረስን።

«አባዬ፣ ዛሬ ስለ ፈረሶቹ ምንም አላልክም። አሞሃል?»

ነገርኋት። ማሩን ሳላስቀር። መኪናዋን ወደ ዳር አውጥታ አቆመችና ግንባሯን መሪው ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ፍየል የሚነዳ ሰውዬ ምን ደረሰባት ብሎ ቆመ።

ስትጨርስ ዓይኗን ጠረገችና፣ «እኔም አንድ ነገር ልንገርህ» አለች። «ያኔ ስትረግጥ፣ እኔና ወንድሜ ወደ ኋላ ተገፍተን ወንበሩ ላይ የምንለጠፈው...»

«እህ?»

«መኪናዋ አይደለችም፤ እኛው ነን ሆን ብለን የምንለጠፈው። ደስ ይልህ ነበር።»

ቀጥላ ረጋ ብላ ጠየቀችኝ፤ በእርግጥ ደህና ናት ወይ፣ ኦቦ ገመቹ ምን አሉ፣ ዝናብ ላይ እንዴት ናት፣ ዳገት ላይ በስንተኛ ማርሽ ልያዛት። ሕመምተኛ እንደምትመረምር ነበር የጠየቀችኝ፤ እኔም ሳልጨምር ሳልቀንስ መለስሁላት።

«ፍራሼን ዛሬ አልጭንም» አለች። «ልብሴን ግን እይዛለሁ። ሰኞ ከሰበታ ተነሥቼ ልሞክረው።»

9፡40፣ የመልስ መንገድ

ሻንጣዋ ከኋላ ተቀምጧል። ለአልማዝ ደውላላታለች፤ አልማዝም ስልኩን ሳትዘጋ ሽንኩርት መክተፍ ጀምራለች። ስለ ዝግጁ ፕሮግራም ስምንት ዓመት የመሰከርሁላችሁ አንባቢዎቼ፣ ምስክርነቴን አንስቻለሁ፤ ያመሰገንሁት ፋብሪካውን ነበር። የሚኒባስ ሰልፍ አልፈን ከእንጦጦ በፊት ያለው ዳገት ሲገጥመን ቤዛ ማርሽ ቀንሳ በትንሹ ረገጠች፤ በጣም በትንሹ፣ እንደ ነርስ።

ጀርባዬን ወንበሩ ላይ ለጥፌ በሁለት እጄ ጉልበቴን ያዝሁ።