የስለቱ ሰማያዊ ቀለም

ሰው ሁሉ «ባልሽ ወርቅ ነው» ይለኛል። ወርቁን የማውቀው እኔ ነኝ። ካሳሁን አገር ቤት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር፤ እዚህ አሜሪካ ኮሎምበስ ዌርሃውስ ውስጥ ካርቶን ይጭናል።

በ2020 ኮቪድ ይዞኝ ቬንቲሌተር ላይ ሳለሁ፣ ሆስፒታል እንዳይገባ ተከልክሎ ፓርኪንጉ ውስጥ መኪናው ላይ ሆኖ ለእመቤታችን ተሳለ። «ማንያህልሻልን ካዳንሽልኝ፣ መጎናጸፊያሽን በእውነተኛው ድንጋይ እቀባዋለሁ» አለ። ድንጋዩ ከአፍጋኒስታን ተራራ የሚወጣ ሰማያዊ ነው። ድሮ ባሕር ተሻግሮ እየመጣ፣ ከድንግል ልብስ በቀር ለሌላ አይባክንም ነበር አሉ። አሁንማ ፋብሪካ ይሠራዋል፤ እናቶቻችን ነጭ ልብስ ሲያጥቡ ውኃው ላይ ጣል የሚያደርጓት ሰማያዊ ዱቄት እሷው ናት።

እኔም ዳንኩ። ድንጋዩን አንድ አፍጋናዊ የሥራ ባልደረባው ሰጠው። መፍጨቱ ቀላል ነው፤ ዱቄቱን ከሰምና ከሙጫ ጋር እንደ ሊጥ ለውሶ፣ በአመድ ውኃ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ማሸት ነው ጣጣው። ሰማያዊው እየለቀቀ ይወርዳል፣ መጨረሻ ላይ ግራጫው ይቀራል። የካሳሁን ትከሻ ደግሞ በካርቶን አልቋል። ከአንድ መምህር ሥር አብሮት የተማረው ጓደኛው ፍቅሬ፣ ዌስተርቪል ቤቴ ውስጥ ጋራዥ አለኝ፣ ለእኔ ተወው አለ። ከወር በኋላ የተጣራ ዱቄት ይዞ መጣ። እጁን ልስም ምንም አልቀረኝ።

ካሳሁን ሦስት ወር ቀባ። በ2022 ከፋሲካ በኋላ ጳጳሱ መጥተው ሥዕሉን ሜሮን ቀቡት። እኔ ፊት ለፊት ቆሜ አለቀስኩ።

በሳምንቱ ፍቅሬ ሂልቶፕ ሰፈር ቤታችን መጥቶ ምሳ በላ። ያንን ግራጫውን ለበረከት ልያዘው፣ አምጣልኝ አልኩት። የቱን ግራጫ አለ። ቀናት ሙሉ ያሸ ሰው እንዴት ይረሳዋል? ሲጨንቀው ሳቀና ተናዘዘ። ድንጋዩ ጋራዡ ውስጥ እንዳለ ተቀምጧል፤ ቀለሙን በጠርሙስ ኦርደር አድርጎ ነው ያመጣው። ኬሚካሉ አንድ ነው፣ ማን ይለየዋል አለ።

ነደድኩ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ! በነፍሴ ቀለድክ ብዬ ከቤቴ አስወጣሁት። ቄሱ ጋ ኮል ሳደርግ፣ ሜሮን የነካው ሥዕል አይፋቅም፣ እመቤታችን ልብ ነው የምታየው አሉኝ። ለእሳቸው ቀላል ነው፤ የተሳለው በእኔ ነፍስ ነው። ስለቱ ሳይገባ ቀረ ማለት ነው፣ ፈራሁ።

ካሳሁን ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ሳህን ያነሳል። ያኔ ደነገጥኩ። ይህ ሰው ማንኛውንም ቀለም በሁለት ጣቱ ሳያሽ ብሩሽ አያስነካም። የድንጋዩ ይሻክራል፣ የፋብሪካው እንደ ፊኖ ዱቄት ይለሰልሳል፤ ይህን ለእኔም ያስተማረኝ እሱ ነው።

«ስትቀባው አላወቅክም?» አልኩት።

ሳህኑን አስቀመጠ። «በመጀመሪያው ቀን አውቄያለሁ» አለኝ። «ደክሞኝ ነበር።»