ከገበያ የተገዙት ቅድመ አያት

ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ግድግዳ ያለው ሰው ሁሉ ምን እንደሚሰቅልበት ያውቃል። ወይ ጻድቅ ነው፣ ወይ ዘመድ ነው፣ ወይ መንግሥት ነው። ከነዚህ ውጭ የሆነ ፊት የሰቀለ እንደሆነ፣ አንድ ቀን ጎረቤት ጎራ ብሎ «ማን ናቸው?» ማለቱ አይቀርም። ወይዘሮ ወሰንየለሽን ለጉድ የዳረጋት ይኸው ጥያቄ ነው።

ወሰንየለሽ የአልጋ ልብስና የሶፋ ልብስ ሰፊ ናት። እጇ ከስፌት መኪናው ከተነሳ ዓይኗ ሥዕል ፍለጋ ይሄዳል። ቤቷ የጭቃ ነው፤ የሚዛን ዝናብ ደግሞ ክረምት ከበጋ አያውቅም፤ ስለዚህ ግድግዳዋ ዓመቱን ሙሉ እንደ ሕፃን አፍንጫ እርጥብ ነው። ልስኑ አንድ ቦታ ላይ ሲያብጥ ሥዕል ትሰቅልበታለች። እርጥበቱ ሲሰደድ ሥዕሉንም ታሰድደዋለች። እሷ ቤት የሚመላለስ ሰው፣ ባለፈው በር አጠገብ ያያትን መርከብ ዛሬ ጓዳው መግቢያ ላይ መልህቅ ጥላ ሊያገኛት ይችላል።

ሥዕሎቹን የምትገዛው ከሱሀይብ ነው። ሱሀይብ ገበያ ውስጥ ሰልባጅ ይሸጣል። ከልብሱ ክምር ጎን ደግሞ ፈረንጅ የተወውን፣ መሥሪያ ቤት የጣለውን፣ ባለቤቱ የረሳውን አሮጌ ዕቃ ሁሉ ይደረድራል። በረዶ ላይ የቆሙ ላሞች የሸጠላት እሱ ነው። ሰፈርተኛው በረዶ አይቶ ስለማያውቅ «እነዚህ ላሞች ዱቄት ላይ ምን ይሠራሉ?» እያለ ብዙ ተከራከረ። በመጨረሻ ጎረቤቷ ሐፍሳ፣ ላም ፊቷ እንዲህ የሚፈካው ጨው ስታይ ብቻ ነው ብላ ክርክሩን ዘጋችው።

በ2008 ዓ.ም. ግን ሱሀይብ አንድ ሽማግሌ ይዞ መጣ። ጢማቸው ረጅም፣ ዓይናቸው የሚገሥጽ፣ ወፍራም ፍሬም ውስጥ የተቀመጡ ሰውዬ ናቸው። ሥዕሉ የታተመ እንጂ በእጅ የተሣለ አይደለም። በዕድሜና በጭስ ብዛት ቀለሙ የተቆላ ቡና ስለመሰለ ፈረንጅ ይሁኑ ሐበሻ አይለይም። አንገታቸው ዙሪያ የተጨማደደ ነጭ ነገር ከቧል። ወሰንየለሽ ገና ስታያቸው ወደደቻቸው። ባሏ ከሞተ ቆይቷልና፣ ቤት ውስጥ አንድ የሚቆጣ ወንድ ቢኖር ብላም ይሆናል። ልጇን ልዩን አሸክማ ወሰደቻቸውና ከሶፋው በላይ፣ እብጠቱ ከሁሉ የከፋበት ቦታ ላይ ሰቀለቻቸው።

ሐፍሳ መጣችና ማን እንደሆኑ ጠየቀች። ወሰንየለሽም ማንም እንዳልሆኑ፣ ደስ ስላሏት ብቻ እንደገዛቻቸው ነገረቻት። ሐፍሳ እያዘነች ወጣች፤ ለማያውቁት ወንድ ሚስማር መምታት ምን የሚሉት ነው? በማግስቱ ወሰንየለሽ ሽማግሌ ወዳለች ተባለ። ሳምንቱ ሳያልቅ ሽማግሌው ባለ ቡና መሬት እንደሆነና ልጆቹ እንዳኮረፉ ተሰማ። ይኼኔ ወሰንየለሽ አፍ ለማዘጋት ብላ ለቀጣዩ ጠያቂ «ቅድመ አያቴ ናቸው» አለች።

በሚዛን አፈር ላይ የወደቀ የዱባ ፍሬና ውሸት አንድ ናቸው፤ ሳይኮተኮቱ አጥር ይወጣሉ። ሰውዬው ብዙም ሳይቆዩ ግራዝማች ተባሉ። የአንገታቸው ነጭ ነገር የአንበሳ ጎፈር ነው ተባለ፤ ነጭ የሆነው አንበሳው አርጅቶ ስለነበር ነው። የሰፈሩ ሴቶች የልዩን አፍንጫ ከሥዕሉ ጋር እያስተያዩ፣ ከየት እንዳመጣችው አሁን ገና ገባን አሉ።

ወሰንየለሽም ቀስ በቀስ ነገሩን ወደደችው። በድርቁ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ መኪና ስትመጣ ሕፃን ነበረች። የዘሯ ነገር ወሰንየለሽ፣ ካሣዬ፣ ገሠሠ ብሎ ያልቃል፤ ከገሠሠ በላይ ጉም ነው። ሰው አያት ቅድመ አያቱን ሲቆጥር እሷ ሁልጊዜ መርፌዋን የምትፈልግ ትመስል ነበር። አሁን ግን እሷም ቀና ብላ የምታሳየው ሰው አገኘች።

ልዩ ኮሌጅ ስትማር ከቴፒው ልጅ ከባስልኤል ጋር ተዋደደች። የልጁ ቤተሰብ ሽማግሌ ላከ። የሽማግሌዎቹ መሪ አቶ ወልደአማኑኤል የባስልኤል አባት አጎት ናቸው። ዘር በመቁጠር የሚስተካከላቸው የለም፤ ሰላም ሲሏቸው «እግዚአብሔር ይመስገን» ከማለታቸው በፊት አያትህ ማን ነው ይላሉ። እስከ ሰባት ቤት የሚገናኝ ሰው አይጋባምና፣ ስንት ሠርግ በጣታቸው ቆጥረው አፍርሰዋል።

ወሰንየለሽ ሶፋውን አዲስ ልብስ አልብሳ ጠበቀቻቸው። አቶ ወልደአማኑኤል ገቡ፣ ቀና አሉ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ቀኛዝማች» አሉ በቀስታ።

«ግራዝማች ናቸው፤ ቅድመ አያቴ» አለች ወሰንየለሽ፣ ምላሷ ለምዶባት።

«ቀኛዝማች ናቸው። የባስልኤል እናት የአስካለች አያት ናቸው። ቴፒ ሳሎናችን ውስጥ ተሰቅለዋል። ይኸው ጢማቸው፣ ይኸው ጎፈራቸው።»

አቶ ወልደአማኑኤል ለመቁጠር ጣታቸውን ዘረጉ። ባስልኤል ከቀኛዝማች ሦስተኛ ቤት፣ ልዩ አራተኛ ቤት ሆኑ። አዲሱ የሶፋ ልብስ ላይ ማንም ሳይቀመጥ፣ ኃጢአቱን በጊዜ ለገለጠ አምላክ ምስጋና አቅርበው ወጡ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ሥራቸውን ስለሚወዱ ፊታቸው ላይ ደስታ ይታይ ነበር።

ልዩ ጓዳ ገብታ አለቀሰች፤ ወጥታም እናቷ ፊት ቆመች። «እማዬ፣ ከገበያ የተሸከምኳቸው እኔ አይደለሁም እንዴ? ትከሻዬን የቆረጠኝ ፍሬም እኮ ነው። ንገሪያቸው።»

መንገር ቀላል ነበር። ግን ከዚያ በኋላ ሚዛን ውስጥ ማን ሆና ትኖራለች? አያት የገዛችው ሴትዮ ትባላለች፤ ልጇም የሸማቿ ልጅ። ደግሞስ የቴፒዋ አስካለች አያት እውነተኛ ከሆኑ፣ እንዴት ሱሀይብ እጅ ገቡ? ጠዋት ገበያ ወረደች።

ሱሀይብ እየሳቀ አስረዳት። አንድ የቡና እርሻ እንግዳ ማረፊያውን ሲያድስ ከየክፍሉ አንድ አንድ ሽማግሌ ወጣ፤ ሁሉም እኚሁ ናቸው። አንዱን ማሻ ከተማ ሸጧል፣ አንዱ ቱም ከተማ መጠጥ ቤት ውስጥ ሰካራም ይገሥጻል፣ አንዱን ወይዘሮ አስካለች ራሷ መጥታ ገዝታለች። የባሏ ዘመዶች ዘሯን እየናቁ መከራዋን ሲያሳዩዋት የኖረች ሴት እንደነበረች፣ ሽማግሌውን ይዛ ከገባች ወዲህ ግን ሠርግ ላይ ከፊት እንደምትቀመጥ ጨምሮ አወራላት።

«እንግዲህ እትዬ ወሰን፣ እስከ ማሻ ድረስ ዘመድ በዘመድ ሆነሻል» አላት።

ወሰንየለሽ አልሳቀችም። ሚኒባስ ተሳፍራ ወደ ቴፒ ሄደች። መንገዱን ሁሉ የምትናገረውን ስትስል ነበር፤ እኔም ገዛሁ፣ አንቺም ገዛሽ፣ ከአንድ ክምር ነው፣ አለቀ። ማፈር ከሆነ እኩል እንፈር።

ቤቱ ስትደርስ አቶ ወልደአማኑኤል ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ከበላያቸው ቀኛዝማች ባለ ጥልፍ ጨርቅ በግራ በቀኝ ተጋርዶላቸው ይገሥጻሉ። አስካለች በሩ አጠገብ ቆማለች፤ ገና ወሰንየለሽን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። የገዛ ሰው የገዛን ሰው ያውቃል። የነጠላዋን ጫፍ እያፍተለተለች፣ ዓይኗን አንዴ ወደ ሥዕሉ፣ አንዴ ወደ ሽማግሌው ታመላልስ ጀመር።

ወሰንየለሽ ነጠላውን የሚያፍተለትለውን ጣት አየች። መንገድ ላይ የሳለችው ንግግር አፏ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

«አባባ» አለች፣ «እኔ ዋሽቻለሁ። ሥዕሉን ከገበያ ነው የገዛሁት። የማን አያት እንደሆኑ አላውቅም ነበር።»

«ከገበያ?»

«ከሰልባጁ ጎን።»

አቶ ወልደአማኑኤል ተቆጡ፤ የተቆጡት ግን በእሷ አልነበረም። ቀኛዝማችን የሚያህል ሰው ከአሮጌ ሱሪ ጎን ያዋለው ማን ነው? ባስቸኳይ ለዘመዶቻቸው ይመለሱ አሉ። ወሰንየለሽም በሚቀጥለው መኪና እንደምትልካቸው ቃል ገባች። ከዚያ ሽማግሌው ረጋ ብለው ጣታቸውን እንደገና ዘረጉ።

«ታዲያ ያንቺ ዘር ማን ነው?»

«ወሰንየለሽ ካሣዬ ገሠሠ። ከዚያ በላይ አላውቅም። ከወሎ ስንመጣ የሚነግሩኝ ሰዎች መንገድ ላይ ቀሩ።»

የሽማግሌው ጣት አየር ላይ ቆመ። ካልተቆጠረማ እንዴት ይሆናል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ይኼኔ አስካለች፣ በዚያ ቤት በኖረችበት ዘመን ሁሉ ሽማግሌውን አቋርጣ የማታውቀው ሴት፣ ከበሩ ተላቃ መጣች።

«ይብቃ ጋሼ። እሷ ከወሎ፣ እናንተ ከጎጃም፤ ምን ያገናኛችኋል? አያቴ ቢኖሩም የሚፈርዱት ይህንኑ ነው።»

አቶ ወልደአማኑኤል ቀና ብለው ቀኛዝማችን አዩ። ቀኛዝማች ተኮሳትረው አዩዋቸው። የሚቃወም ሰው ፊት አልነበረም። ሽማግሌው ጣታቸውን አጠፉና የሠርጉን ቀን ጠየቁ።

አስካለች እንግዳዋን እስከ መናኸሪያ ሸኘቻት። ሚኒባሱ አጠገብ ሲደርሱ አስካለች ግራ ቀኙን አይታ ጠጋ አለች።

«ለመሆኑ በስንት ሸጠልሽ?»

ወሰንየለሽ ጆሮዋ ውስጥ ነገረቻት። አስካለች ቀጥ ብላ ቆመች። እሷን ሱሀይብ እጥፉን አስከፍሏታል፤ ያውም ለቴፒ ሰው ስለሆነ ቅናሽ ነው ብሎ፣ ምሎ።

መጀመሪያ የሳቀችው ማን እንደሆነች አይታወቅም። ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው፣ ድምፅ ሳያወጡ እየተንቀጠቀጡ እንባቸው ወረደ። የሚኒባሱ ረዳት ተጨንቆ ወረደና ማን አርፎባቸው እንደሆነ ጠየቀ።

«አያታችን» አለች አስካለች ዓይኗን እየጠረገች።

ረዳቱ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለና፣ ለሐዘንተኛዋ የፊቱን ወንበር አስለቀቀላት።